ይሄይስና ብርድ የለመደች ኮምፒውተር

የይሄይስ ስልክ ከተዘጋ ሰነበተ። በደወልኩ ቁጥር ያቺ የማትሰለች ሴትዮ «የደወሉላቸው ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት…» ትላለች፤ እኔም አላስጨርሳትም። በመጨረሻ ያየው ሰው እንደነገረኝ ካሜራና የፀሐይ ኃይል መሣሪያ በአህያ ጭኖ ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ወዳለ ገዳም ወርዷል፤ የብራና መጻሕፍት ፎቶ ሊያነሣ። መቼ ትመለሳለህ ሲሉት «መጻሕፍቱ ሲያልቁ» አለ አሉ። የይሄይስ ነገር እንዲህ ነው። እኔም ብሆን ስልክ የደወልኩለት ቁም ነገር ኖሮኝ አይደለም። ለልጄ ኮምፒውተር ልገዛ ሱቅ ገብቼ ሻጩ «ይሄኛው ፈጣን ነው፣ ያኛው ደግሞ ከሱም ይፈጥናል» ሲለኝ ብቻዬን ሳቄ መጣ። ሻጩ ደነገጠ። ያ ሳቅ ከምን እንደመጣ የሚገባቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ሸለቆ ወርዷል።

ይሄይስን ያወቅሁት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ስንማር ነው። የመጨረሻው ዓመት ላይ ለመመረቂያ ሥራ ሦስት ሦስት ሆነን ስንመደብ አንድ ላይ ወደቅን። እኔ እመቤት፣ የአማኑኤል ከተማ ባለሱቅ ልጅ፤ ሮቤል፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ የኮምፒውተር ዕቃ ዓይነትና ዋጋ እንደ ዳዊት በቃሉ የሚያውቅ፤ ይሄይስ ደግሞ የቁይ ከተማ ቄስ ልጅ፣ ራሱም ዲያቆን፣ ዘመናዊውን ትምህርት እየተማረ ጎን ለጎን ቅኔ ቤት የከረመ የቆሎ ተማሪ። ረጅምና ቀጭን ነው። ፕሮግራም ሲጽፍ እንደኛ ዝም ብሎ አይጽፍም፤ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ እያንዳንዷን መስመር በዜማ ይላታል። የኮምፒውተር ክፍሉ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ይስቅበት ነበር፤ በኋላ ግን እሱ ሲያዜም የጻፈው ስሕተት እንደማይገኝበት ሲያዩ አንዳንዶቹም አብረው ማዜም ጀመሩ። ስትቆጡት አይቆጣም። «በጀ» ይላል፤ «እሺ» ማለቱ ነው። «በጀ» ካለ በኋላ ግን የሚያደርገው ያው የራሱን ነው። እኔ ቶሎ የምግል ሰው ስለሆንኩ ያቺ «በጀ» ስንት ጊዜ ደሜን እንዳፈላችው እግዜር ይወቅ።

አባቱ ቄስ ልሳኑ ይቅር አላሉትም ነበር። የቅኔውን ትምህርት ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ጥሎ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ አንጀታቸውን አቃጥሎታል። «ፊደል ያስቆጠርኩህ ሣጥን ስትነካካ እንድትውል ነው?» ብለው ከሸኙት ወዲህ መርቀውት አያውቁም። ቤት ሲደውል ስልኩን የሚያነሡት እሳቸው ናቸው። «አባ፣ እንደምን ዋሉ?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናትህ እነኋት» ብለው ያቀብላሉ። ይሄይስ ይህን እየሳቀ ያወራናል። እየሳቀም ቢሆን ግን ስልኩን ቶሎ ኪሱ አይከተውም፤ እጁ ላይ ይዞት ይቆያል።

ርዕስ ምረጡ ስንባል አፉን ሞልቶ «በእጅ የተጻፈ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም» ያለው ለዚሁ ነው። «አባን እጠራቸዋለሁ። ከፊደል ቤት እንዳልወጣሁ በዓይናቸው ካዩ ይመርቁኛል» አለን። እኔ የገባሁበት ለድግሪው ብዬ ነበር። ያን ካለን በኋላ ግን የቄስ ልሳኑ ምርቃት የሦስታችንም ጉዳይ ሆነ።

ችግሩ፣ እንዲህ ያለ ፕሮግራም መጀመሪያ ራሱ መማር አለበት። ሰዎች በእጃቸው የጻፉትን ፊደል እያየ፣ እየተሳሳተና እየታረመ ነው የሚለየው፤ ለዚህ ደግሞ ሳይጠፋ ቀን ከሌት የሚሠራ ፈጣን ማሽን ይፈልጋል። የምንማርባቸው ኮምፒውተሮች ቀርፋፋ ነበሩ። ማታ ይጠፋሉ፤ ጠዋት ሲበሩ ደግሞ ቫይረስ እንዳይገባባቸው ተብሎ ትናንት የተሠራባቸው ሁሉ ተደምስሶ ይነሣሉ። ፕሮግራማችን በየማለዳው ከ«ሀ» ጀመረ። አማካሪያችን አዘነልን። «ልጆች፣ ወይ የራሳችሁን ማሽን አምጡ፣ ወይ እንደ ሌላው የተማሪ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሥሩና በሰላም ተመረቁ» አለን። ሮቤል የፈጣን ማሽን ዋጋ ነገረን፤ እኔ ወዲያው ስለ ተማሪ መመዝገቢያ ማሰብ ጀመርኩ።

«ሁዳዴ መቼ ነው የሚገባው?» አለ ይሄይስ።

«በሚቀጥለው ሰኞ። ምን አገናኘው?» አልኩት።

ያኔ የግቢው ምግብ ይቅርብኝ ያለ ተማሪ የምግቡን ወጪ በብር ይቀበል ነበር። «ጾም መግባቱ ካልቀረ፣ ሽሮውን ለምን በፕሮሰሰር አንለውጠውም?» አለን። እሱ ከቁይ የተላከለት አንድ ስልቻ በሶ ነበረው። እኔ ከአባቴ ሱቅ ሽንብራ አመጣሁ። ሮቤል ምን እንዳመጣ አላስታውስም፤ ምሬት ይመስለኛል። በጾሙ አጋማሽ ላይ የበሶው ስልቻ ሲፈታ ገና ከሩቁ ፊቱን ያዞር ጀመር። «እኔ ኮምፒውተር ልሠራ ነው የመጣሁት እንጂ ልመነኩስ አይደለም» ይላል። ይሄይስ በሶውን በውኃ እየበጠበጠ «ለመመንኮስስ ገና ነህ፤ አሁን ረድእ ነህ» ይለዋል። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ጾም የሳቅሁበት ጊዜ የለም።

በጾም ያገኘናት ብር ለሁሉም እንደማትበቃ እናውቃለን። ይሄይስ ሕግ አወጣ፤ ብሩ ለአንጎሏ ብቻ ነው፤ ለፕሮሰሰሩ፣ ለማዘርቦርዱና ለራሙ። «ዓይኗን፣ እጇንና ልብሷን እንለምናለን» አለ። እኔ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ከከተማው መሥሪያ ቤቶች አንዱ በር ላይ ቆሞ፣ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ሲለምን በሚያሰማው በዚያ በሚያባባ ድምፅ «በእንተ ስማ ለማርያም! ስለ ወላዲተ አምላክ!» ሲል ሮቤል ከመብራት ምሰሶ ኋላ ተደበቀ። ዘበኛው «የመንግሥት ንብረት ለነፍስ ተብሎ አይሰጥም» ብሎ አባረረን። እውነቱን ነበር። ስለዚህ ወደ ሱቆቹ ዞርን።

አንድ ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ እንዲሁ ቢል ባለቤቷ ወጣች፤ ደልደል ያለች ሴት ናት።

«ምነው ልጄ፣ ተማሪ አትመስልም እንዴ? እንጀራ አጥታችሁ ነው?»

«እንጀራስ አለን፣ እትዬ። የሞተ ኮምፒውተር ካለዎት ብለን ነው።»

ሴትዮዋ አማተበች። ከዚያ በሩን ይዛ እስክትንገዳገድ ሳቀች። «ኧረ ጉድ በል ጎጃም! ለኮምፒውተርም በእንተ ስማ ለማርያም መጣ?» እያለች ከጓዳ አንድ ሞኒተርና ፊደሉ የተፋቀ ኪቦርድ አምጥታ ሰጠችን። ይሄይስ በሁለት እጁ ተቀብሎ ቆሞ መረቃት፤ ልክ እንጀራ እንደሰጠችው። ወሬው ከኛ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ከዚያ በኋላ የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡትም፣ ኢንተርኔት ቤታቸውን የዘጉትም እየጠሩ ይሰጡን ጀመር።

ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። የቆሎ ተማሪ የተሰጠውን አይመልስም። ይሄይስ የተቃጠለ ቴሌቪዥን ሰጡት፣ ተቀበለ። ካውያ ሰጡት፣ ተቀበለ። አንዲት ቁልፏ የረገፈ የጽሕፈት መኪና ሰጡት፤ እሷንም መርቆ ተቀበለ። ከዩኒቨርሲቲው ውጭ የተከራያት ክፍል አልጋውን ብቻ ስታስቀር በሞተ ዕቃ ሞላች። አንድ ቀን እንዲያውም መራመጃ አጥቼ በሞኒተር ጠርዝ እግሬን ፋቅሁና ጮህኩበት።

«አይሆነንም አትልም? አፍ የለህም?»

«ምጽዋት አይመረጥም፣ እመቤት። ከመረጥሽ ገበያ ወጣሽ ማለት ነው።»

«ታዲያ ካውያው ራም ይሆናል?»

«በጀ» አለኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ልመናችንን ሰምቶ ሊስቅብን መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ሳቁን ዋጠው። ለካ እኛ የሞተ ያልነው ዕቃ ሁሉ ለሱ መለዋወጫ ነው። የሚሠራውን አንድ ሞኒተር ትቶልን የቴሌቪዥኖቹን፣ የሞኒተሮቹንና የካውያዎቹን ክምር በሁለት ጋሪ አስጭኖ ወሰደ፤ በምትኩ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ስካነርና አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ከነፋኑ ሰጠን። ይሄይስ ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው ከስድብ ይብስ ነበር።

ሮቤል ለፋሲካ ቤተሰቦቹ ጋ ሄዶ ሲመለስ በጾሙ ብር የገዛውን አንጎሏን በጉያው እንደ ዕንቁላል ታቅፎ ዓባይን ተሻገረ። ልብስ የምትሆናት ያልተጣመመች ኬዝ ስላልተገኘች ሁሉንም በአንድ ጣውላ ላይ በብሎን አሰርነው። ማሽኗ ሽቦዋና ሆድ ዕቃዋ እየታየ እርቃኗን ቀረች። ይሄይስ አማተበና ማብሪያውን ተጫነ። ፋኑ ዞረ፣ ሞኒተሩ ላይ ብርሃን መጣ፤ እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እልል አልኩ። አከራይዋ ሴትዮ ሠርግ መስሏቸው ከነማማሰያቸው እየሮጡ መጡ። እኛ ሦስታችን ተቃቅፈን እንዘላለን። ሴትዮዋ ጣውላውን አይተው «ይሄን ወለዳችሁ?» ብለው ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

ሮቤል አንድ የሚያውቃት ብልሃት ነበረችው። ፕሮሰሰር ከፋብሪካ ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ ማድረግ ይቻላል፤ ጠላቱ ሙቀት ብቻ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያሳደገ ሞከረ፤ ማሽኗ አልጋለችም። ጨመረ፤ አልጋለችም። «ይቺ ነገር ምን ዓይነት ዕድለኛ ናት?» እያለ ተገረመ። እኛም ማሽናችን የተለየች መስላን ኮራን። አንድ ነገር ግን ማናችንም ልብ አላልንም። ዲያቆን ከሴት ጋር በር ዘግቶ አይቀመጥም። ይሄይስ እኔ ገና ከአከራይዋ ግቢ በር ብቅ ስል ክፍሉን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ሰው እንዲያየን ብሎ መስኮቱንም ይጨምራል። እኔ በሌለሁ ጊዜ እንኳ ለምዶበት ክፍት ነው የሚተወው። ያ የማርቆስ ብርድ በበር ገብቶ፣ በማሽኗ ላይ አልፎ፣ በመስኮት ይወጣል። እኛ ብርድ ልብስ ተከናንበን ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል፤ እሷ ታፏጫለች። ይህን ሁሉ ፍጥነት የሰጣት የይሄይስ ክህነት መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው።

ማሽኗ ፈጣን መሆኗ ሲሰማ የክፍላችን ተማሪ ሥራውን በፍላሽ ይዞ መጉረፍ ጀመረ። «እምቢ በላቸው» ስለው «ለምኖ ያገኘ አይሰስትም» አለኝ። መፈተኛችን እየቀረበ ነው፤ የኛ ፕሮግራም ደግሞ የሦስታችንን ጽሕፈት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ የሌላ ሰው ሲያይ ይደናበራል። ተስፋ ልቆርጥ ነበር። አንድ ቀን ስመጣ ግን በሩ ላይ የተሰለፈው ተማሪ ሁሉ ወረቀት ይዞ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይጽፋል። ይሄይስ አዲስ ሕግ አውጥቷል፤ ማንም ከመቀመጡ በፊት ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በእጁ ጽፎ ይሰጣል። አከራይዋም ጻፉ፤ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎችም ጻፉ። ቀን ለሰው እየሠራች፣ ሲመሽ የሰውን ጽሕፈት እያጠናች፣ ማሽኗ ፊደል ለየች። ለመጀመሪያ ጊዜ የማታውቀውን ሰው ጽሑፍ አስተካክላ ስታነብ ይሄይስ ቤት ደወለ። አባቱ አነሡ። «አባ፣ ፊደል የሚያነብ ነገር ሠርተናል፤ የፊታችን ሐሙስ ይምጡና ይዩልኝ» አላቸው። «እናትህ እነኋት» አሉ።

ሐሙስ ዝናብ ነበር፤ ሰኔ ገብቷል። ማሽኗን በባጃጅ፣ በፕላስቲክ ሸፍነን የምንፈተንበት አዳራሽ አደረስናት። ክፍሉ በተማሪ ጢም ብሏል። ዝናብ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ግድግዳው ላይ የሚወረወረው ምስል እንዲታይ መጋረጃው ወርዷል። ልንጀምር ስንል በሩ ተከፍቶ ጥምጣማቸው የራሰ፣ ጋቢ የለበሱ ቄስ ገቡና መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይሄይስ ክው አለ። እኔም ሳይነገረኝ አወቅኋቸው።

ይሄይስ ጥሩ አድርጎ ገለጸ። «አሁን በተግባር እናሳያለን» ብሎ ወረቀት ስካነሩ ላይ ሲያስቀምጥ ማሽኗ ጸጥ አለች። ጠፋች። እንደገና አበራናት፤ ተነሥታ ተመልሳ ጠፋች። ሮቤል ማቀዝቀዣዋን ነክቶ እጁን ላጥ አደረገ። «እሳት ሆናለች!» አለ በሹክሹክታ። ከፈታኞቹ ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ልቤ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ፤ ቄስ ልሳኑ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ብለዋል። በሰው ሁሉ ፊት ልጃቸው ሲዋረድ ላለማየት ይመስለኛል። ማልቀስ አማረኝ።

ይሄይስ ወደ በሩ አየ። ወደ መስኮቱ አየ። ከዚያ ወደኔ።

«እመቤት፣ ተዘግቷል» አለ።

ያኔ ገባኝ። በሩን በርግጄ ከፈትኩ፤ ሮቤል መጋረጃውን ገልጦ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ነፋሱ ዝናቡን ይዞ ገባ። የፈታኞቹ ወረቀት ተበተነ፤ አንደኛዋ ፈታኝ ሻርፗን ራሷ ላይ ጣለች። ሰብሳቢው «ልትገድሉን ነው እንዴ?» አለ። ይሄይስ እጁን አጣምሮ «ትንሽ ይታገሡን፣ ቲቸር። ብርድ ለምዳ ነው» አለው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጥቂት አስበርደናት ማብሪያውን ስንጫን ፋኗ አፏጨ፤ ተነሣች፤ አልጠፋችም። የተማሪዎቹን ጽሑፍ ጥርት አድርጋ አነበበች።

ሰብሳቢው ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም። «ይሄ እናንተ የሰበሰባችሁት ጽሕፈት ነው። ጽፎ ያልሰጣችሁ ሰው ይጻፍና እንይ» አለ። አንዱን ተማሪ ጠራ፤ «እኔ ጽፌያለሁ» አለው። ሌላዋን ጠራ፤ «እኔም።» የኋላውን ረድፍ፣ የበሩን ዘበኛ ሳይቀር ጠየቀ፤ ሁሉም ጽፏል። ሰብሳቢው ዓይኑ ሲዞር ዞሮ ከጥምጣሙ ላይ አረፈ።

«አባታችን፣ እርስዎስ?»

«እኔስ አልጻፍኩም» አሉ ቄስ ልሳኑ። ብዕርና ወረቀት ወሰዱላቸው። ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው፣ ቸኩለው ሳይሆን ረጋ ብለው፣ አንዲት መስመር ጻፉ። ወረቀቱን ይሄይስ ነው የተቀበላቸው፤ በሁለት እጁ። ቀና ብሎ አላያቸውም።

ስካነሩ አለፈ። ማሽኗ አሰበች፤ ፋኗ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ፦

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

«አሜን!» አለ አዳራሹ። ማንም አስቦ አይደለም፤ አፉ ለምዶበት ነው። ሰብሳቢውም ብዕሩን እንደያዘ አሜን ብሎ አማተበና፣ ያደረገው ሲገባው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ቄስ ልሳኑ ተነሥተው ወደ ፊት መጡ። ጣውላዋን ዞረው አዩ፤ ሽቦዋን፣ ፋኗን፣ ነፋሱ የሚገርፈውን ሆድ ዕቃዋን።

«ይቺ ናት ያነበበችው?»

«አዎ፣ አባ።»

«ታዲያ በዚህ ብርድ እርቃኗን ትቀመጣለች?» ብለው ጋቢያቸውን አወለቁና ሊያለብሷት ዘረጉ።

«ኧረ አባ! እንዳያለብሷት!» ብለን ሦስታችንም በአንድ ድምፅ ጮህን።

ጋቢውን እንደዘረጉ ቆሙ። ማሽኗን አዩ። ከዚያ ይሄይስን አዩት፤ በዚያ በተከፈተ መስኮት ሥር በስስ ሸሚዝ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቱ አልለየሁም። የተዘረጋውን ጋቢ እሱ ላይ አደረጉት፤ እንደ ሕፃን ልጅ እስከ አንገቱ ጠቀለሉት። ፈታኞቹ ነጥብ እስኪሰጡ አልጠበቁም። መስቀላቸውን አውጥተው ግንባሩ ላይ አሳረፉና፣ ዝናቡ እየገባ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ ልጃቸውን መረቁት።